ጥርሶ የበላው ምሳ

አይጥ የሚጠላ ሰው አጠገባችሁ ካለ ሂዱና አመስግኑት። እንዲህ ያለ ሰው እኛ ትምህርት ቤት ጠፍቶ ነበር፤ ያጠፋሁትም እኔ ነኝ። በዱላ አይደለም፤ በብዕር። ገና በአሥራ ስድስት ዓመቴ፣ ገና በመጀመሪያ ድራማዬ፣ አንድ ሙሉ ትምህርት ቤት አይጥ እንዲወድ አድርጌያለሁ። ከኔ በፊት ይህን ያህል የተሳካለት ደራሲ ካለ ስሙን ንገሩኝ፤ እጅ እነሳዋለሁ። ከዚያ እሱ ሰፈር የእህል መጋዘን ካለ ሄጄ ጠባቂውን አስጠነቅቃለሁ።

እንደምታዩት መጻፍ እወዳለሁ። ሰሞኑን የመጣብኝ ነገር ነው። በፊት ድርሰት ጻፉ ስንባል "በጋ ሲሆን ፀሐይ ይወጣል" ብዬ ጀምሬ "አመሰግናለሁ" ብዬ የምጨርስ ልጅ ነበርኩ። ዘንድሮ ግን ስለ ዝንብ የጻፍኩት ጽሑፍ በሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ላይ ተነበበልኝ። ተማሪው ሳቀ። አንዲት መምህርት እንዲያውም ዓይናቸውን ጠረጉ። በኋላ ሳጣራ ዝንብ ገብቶባቸው ነው፤ ቢሆንም ከጽሑፌ ጋር ግንኙነት አለው ብዬ ወስጃለሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ እጄ አላረፈም።

ወደ አይጡ ልመለስ።

ነገሩ የጀመረው ከስልክ ነው። ጂንካ እያለን የእማዬ ስልክ ቻርጅ አልይዝ ብሎ ገበያው አጠገብ ወዳለ ሞባይል ጠጋኝ ወሰድኩት። ጠጋኙ መሰኪያውን ሲያስተካክል "ትንሽ ተጫወቺበት" ብሎ ሚሞሪው ላይ አንድ ጌም ጫነልኝ። ሣር ውስጥ እየሄድሽ ጉድ የሆኑ ፍጥረቶች የምትሰበስቢበት ጌም ነው። ፍጥረቱ ከሣሩ ብድግ ይላል፤ ታደክሚዋለሽ፤ ከዚያ መረብ ወርውረሽ ትይዢዋለሽ። እሳት የሚተፋ አለ። ክንፉን ሲያራግብ መብረቅ የሚያወርድ አለ። እኔ የያዝኩት ግን አይጥ ነው።

አይጥ የሚመስል ማለቴ ነው። ሐምራዊ ነው፤ ጭራው ጫፉ ላይ ተጠቅልሏል፤ ሁለት የፊት ጥርሶቹ ከአገጩ አልፈው ይወርዳሉ። ጨዋታው እንደተከፈተ በመጀመሪያው ሣር ላይ የሚገኘው እሱ ነው። ተጫዋች ሁሉ መጀመሪያ የሚይዘው እሱን ነው፤ መጀመሪያ የሚጥለውም እሱን ነው። የተሻለ ፍጥረት ሲገኝ እሱ ሣጥን ውስጥ ይቆለፍበትና ይረሳል። ጨዋታው "ስም አውጪለት" ሲለኝ ጥርሶ አልኩት። እሳት የሚተፋውን መያዝ ስላቃተኝ ጥርሶን ይዤ ቀረሁ፤ ለጠየቀኝ ሁሉ ግን መርጬው ነው እላለሁ። ደግሞ ጥርሶ ሲሸነፍ አይሞትም። ዓይኑን ጨፍኖ ይዘረራል፤ ታክሚዋለሽ፤ ይነሳል። እንዲህ ያለ ነገር ልብ ላይ ምን እንደሚሠራ ጠጋኙ አላስጠነቀቀኝም።

ከዚያ እማዬ ወደ ካንጋተን ተዛወረች። እማዬ የመጀመሪያ ክፍሎች መምህርት ናት። ካንጋተን የኛንጋቶም ወረዳ ከተማ ነው፣ ኦሞ ወንዝ ዳር። ለመጀመሪያ ጊዜ ከመኪና ስወርድ ሞተሩ አጠገብ የቆምኩ መስሎኝ ራቅ አልኩ። አሁንም አቃጠለኝ። ሞተሩ አልነበረም፤ የአገሩ አየር ነው። የጂንካ ሰው እኮ ሹራብ ለብሶ "ዛሬ ወበቀ" የሚል ፍጡር ነው።

እኔ ዘጠነኛ ክፍል ገባሁ። የእማዬ ትንንሾች እና እኛ ትልልቆቹ አንድ አጥር ውስጥ ነን። አጥሩ ውስጥ ከቢሮውም ከክፍሎቹም በላይ የሚከበረው ቤት የተማሪዎች ምገባ መጋዘን ነው፤ የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው፣ ግድግዳው የጭቃ፣ ውስጡ በቆሎና ባቄላ የተደረደረበት። ለትንንሾቹ ምሳ የሚቀቀለው ከዚያ ነው። የመጋዘኑ ቁልፍ አንገታቸው ላይ የሚንጠለጠለው እትዬ አስቴር ናቸው፤ አብሳይም ናቸው፣ ጠባቂም ናቸው። ሲቆጡ ጭልፋቸውን ወደ ሰማይ ያነሳሉ። ሲጸልዩም እንደዚያው ስለሆነ ሰው በየትኛው ላይ እንዳሉ ሳያውቅ ጠጋ አይላቸውም።

አሁን ናኩዋን ላስተዋውቃችሁ። ናኩዋ ሁለተኛ ክፍል ናት፣ የእማዬ ተማሪ። ሁለቱ የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል፤ አዲሶቹ አልመጡም። በእረፍት ሰዓት ዛፍ ሥር ተቀምጬ ስጫወት መጥታ ትከሻዬ ላይ አገጯን ታስደግፋለች።

"ጥርሶ በላ?" ትለኛለች።

"አልበላም፤ ተዋግቶ ተሸንፏል።"

"ለምን አልበላም? ያልበላ እንዴት ይዋጋል?"

ይህን ጥያቄ ጨዋታውን የሠሩት ሰዎች ያሰቡበት አይመስለኝም።

የናኩዋ አባት ልጃቸውን ትምህርት ቤት ያስገቡት በአንድ ስምምነት ነው። ኦሞ እንደ ድሮው ሞልቶ ዳሩን ማጠጣት ከተወ ወዲህ የወንዝ ዳር ማሽላቸው እየሳሳ መጥቶ ቤት ውስጥ የሚላስ የሚቀመስ ጠፍቷል። ስለዚህ መጥተው ለእማዬ እንዲህ አሉ፤ "ምሳ እስካለ ትማር። ምሳ ከቀረ ግን ቤት የምትራብ ልጅ እዚህም አትራብ፤ ከፍየሎቹ ጋር ትሂድ፤ እዚያ ወተት አለ።" ያስተረጎመው መምህር ሎኮሪ ነው፤ የኛንጋቶምኛ አስተማሪ። ገና ወጣት ስለሆነ "አንቱ ያለኝ ከክፍል ይወጣል" ብሎናል። የፍየሎቹ በረት ከከተማው ሩቅ ነው። ወደዚያ ከሄዱት ሴት ልጆች ተመልሳ ደብተር የያዘች አለች ወይ ብዬ እማዬን ጠየቅኳት። እማዬ የማታውቀውን ጥያቄ ስትጠየቅ ሰሌዳ ታጠፋለች። ቤት ስለነበርን ጠረጴዛውን ጠረገችው።

እንግዲህ እንዲህ ሆነን ሳለ መጋዘኑ ውስጥ አይጥ በዛ።

መርዝ እንዳይደረግ የልጆች እህል ነው። እትዬ አስቴር የብረት ወጥመድ ደረደሩ፤ ሻምበል የሚባለውን ድመታቸውንም ከቤት አምጥተው ቀጠሩት። ትንንሾቹ ግን ፍርፋሪ መጋዘኑ ሥር ይጥላሉ፤ ወጥመዱን በእንጨት እየነኩ "ጧ" ሲል ይስቃሉ። ዳይሬክተራችን በዚህ ላይ ስብሰባ ጠሩ። ዳይሬክተራችን ጥሩ ሰው ናቸው፤ አማርኛቸው ግን ግማሹ ከቢሮ ነው የመጣው።

"ኢምፓክት ያለው ድራማ ያስፈልገናል" አሉ። "ታርጌታችን ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል ነው። መልእክቱ ግልጽ ይሁን፦ አይጥ ጠላታችን ነው። የዝንቧ ልጅ የታለች?"

የዝንቧ ልጅ እኔ ነኝ። ቆምኩ። ደስታዬን ለመደበቅ ሞክሬ ስላልቻልኩ ሳል አስመሰልኩት።

ቤት ገብቼ ለእማዬ ስነግራት ደብተር እያረመች ነበር። "ቀላል ነው" አለች። "አይጥ ክፉ ነው በይ፤ ወጥመድ ውስጥ ይግባ፤ ይሙት፤ አጨብጭቡ በይ።" እሷ ያለችውን ብሰማ ኖሮ ይሄን ሁሉ አታነቡም ነበር። ግን ደራሲ ነኝ። አይጡን ከየት ላምጣው ብዬ ሳስብ፣ የማውቀው አይጥ አንድ ብቻ ነው። ጥርሶን አመጣሁት። ሌባ አደረግሁት፤ እህል ሲሰርቅ፣ ጆንያ ሲቀድ፣ ገበሬውን ሲያስለቅስ ጻፍኩ። እስከዚህ ድረስ መልእክቱ ግልጽ ነው። ከዚያ ወጥመድ ውስጥ ሲገባ፣ ከመሞቱ በፊት ጥቂት ቃል ይናገር ብዬ ፈቀድኩለት። ሰው እንኳ ሲሞት ይናገራል። ጥርሶም ተናገረ። እንዲህ አለ፦

"መጀመሪያ የምትይዙት እኔን ነው፤ መጀመሪያ የምትጥሉትም እኔን። ሣጥን ውስጥ ዘግታችሁብኝ ስሜን ረሳችሁት። እሰርቃለሁ፤ እውነት ነው። ግን 'ና፣ ቁጭ በልና ብላ' ያለኝ ሰው አንድ ቀን ኖሮ ያውቃል?"

ይህን ስጽፍ አልቅሻለሁ። የራሴን ጽሑፍ ሳነብ ማልቀስ ነውር እንደሆነ የነገረኝ የለም።

ጥርሶን የምጫወተው እኔ ነኝ። ሐምራዊ ልብስ ግን ከየት ይምጣ? እማዬ በቤተክርስቲያን መዘምራን ውስጥ ናት፤ የመዘምራኑ ጋዋን ሐምራዊ ነው። ፈቀደችልኝ ብል እዋሻለሁ፤ አልከለከለችኝም፣ ስላልጠየቅኳት። ጥርሶቼን ከተሰበረ ቢጫ ጀሪካን ቆረጥኩ፤ ጭራዬ የጥጃ ገመድ ነው። በዚያ ሙቀት ያንን ጋዋን ለብሼ ስቆም ከወጥመዱ በፊት ላቡ የሚገድለኝ መስሎኝ ነበር።

ድራማው ከምሳ በኋላ በሜዳው ላይ ታየ። እኔ በአማርኛ አንድ ዓረፍተ ነገር እላለሁ፤ መምህር ሎኮሪ ቆሞ በኛንጋቶምኛ ይመልሰዋል። ጆንያ ስቀድ ልጆቹ በሳቅ ተንከባለሉ። ገበሬው በዱላ ሲያባርረኝ ጭራዬን ረግጬ በእውነት ወደቅኩ፤ ሳቁ እጥፍ ሆነ። ከዚያ ወጥመዱ ያዘኝ። የመጨረሻ ቃሌን ተናገርኩ። ሎኮሪ ተረጎመ። እሱ ሲተረጉም ከኔ ረዘም ያለ መሰለኝ፤ ግን ደራሲ ተርጓሚዋን መሀል ላይ አታቋርጥም።



ናኩዋ ከፊት ረድፍ ተነሳች። ከምሳዋ ተርፎ በጨርቅ የቋጠረችውን ንፍሮ ፈታች። መጣችና እጄ ላይ ዘገነችልኝ፤ አጠገቤም ቁጭ አለች። ገበሬው የሆነው የክፍሌ ልጅ ዱላውን እንዳነሳ ቀረ። ሌላ ልጅ ተነሳ። ሌላም። ንፍሮ የተረፈው ንፍሮ፣ ያልተረፈው የዛፍ ፍሬ ይዞ ተሰለፈ። ወጥመዱን ማን እንደፈታው እስካሁን አላውቅም።

ዳይሬክተሩ ከወንበራቸው ተነስተው አጨበጨቡ። "ይሄ ነው ኢምፓክት" አሉ። እማዬ ከሩቅ ቆማ ጋዋኑን እያየች ነው፤ አላጨበጨበችም።

በማግስቱ እትዬ አስቴር መጋዘኑን ሊከፍቱ ሲሄዱ በግድግዳው ሥር ዙሪያውን ንፍሮ ተደርድሮ አገኙ። በትንንሽ ቅጠል ላይ፣ በሥርዓት። ወጥመዶቹ ሁሉ እንጨት ተሰክቶባቸው ተዘግተዋል። ሻምበል ጣሪያ ላይ ነው፤ ከታች ልጆች ድንጋይ ይዘው ቆመዋል።

"ማነው ይሄን ያደረገው?" አሉ እትዬ አስቴር። ጭልፋው ወደ ሰማይ ወጥቷል።

"ለወዳጃችን ነው" አለ አንድ ትንሽ ልጅ፤ በተረጋጋ ድምፅ።

መምህር ሎኮሪ ተጠርቶ መጣ። ልጆቹን ጠየቀ፤ ሰማ፤ ወደ እኔ ዞረ። "ደራሲዋ" አለኝ፤ "እኛ አገር አብሮህ ቁጭ ብሎ የበላ ወዳጅህ ነው። ወዳጅ ላይ ወጥመድ አይዘረጋም። አይጡ 'አብሬ ልብላ' ሲል ማን ጻፈው?"

"እኔ።"

"ከአንቺ ቀጥሎ ጥፋተኛው እኔ ነኝ። ሳስተረጉም ትንሽ አሳመርኩት።"

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ለአይጦች መልካም ዘመን ነበር። በጨዋታው ላይ ጥርሶ ብዙ ከተዋጋ ያድግና መልኩ ይለወጣል፤ ይሰፋል፣ ጢሙ ይቆማል፣ ፊቱ ይጠቁራል። እኛ መጋዘን ውስጥ ያሉት ሳይዋጉ አደጉ። ቀን በቀን ይወጣሉ። አንዱ የእማዬ ክፍል በር ላይ ቆሞ ፊደል ሲቆጠር ያዳመጠ ቀን እማዬ "ይሄስ ይመዝገብ" አለች። ሳቄን ለቀቅኩት፤ እሷ ግን እየሳቀች አልነበረም። ልጆቹ ስም አወጡላቸው። ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበትን በሬ በሚጠሩበት ስም ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበትን አይጥ ጠሩት። ሻምበል ከሥራ ለቀቀ፤ ወደ ገበያው አካባቢ ታይቷል ተባለ።

በዚህ መሀል ዝናቡ መጣ። ከጂንካ በሚመጣው መንገድ ላይ በበጋ ደረቅ አሸዋ የሆነ ወንዝ አለ፤ ሲሞላ መኪና አያሳልፍም። ሞላ። የሚቀጥለውን እህል የጫነው መኪና ከወንዙ ማዶ ቆሟል ተባለ።

የእትዬ አስቴር ጭልፋ መጀመሪያ ሙሉ ነበር። ከዚያ ጎደል አለ። ከዚያ ጭልፋውን አስቀምጠው በስኒ መስፈር ጀመሩ። አንድ ቀን እጄን ይዘው ወደ መጋዘኑ አስገቡኝ። ውጭ ከቆመው ሙቀት ይልቅ የውስጡ ሽታ ይከብዳል። አንዱን ጆንያ አነሱት፤ በአንድ እጃቸው። ሥሩ ቀዳዳ ነው፤ ውስጡ ገለባና የአይጥ ኩስ ነው። ሁለተኛውን አነሱ። እሱም እንደዚያው።

"አየሽ የኔ ልጅ" አሉኝ፤ አልተቆጡም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። "ግማሹ የመንገዱ ነው። ግማሹ የዚያ ሐምራዊው ነው።"

በጨዋታው ላይ እንዲህ ሲሆን ስልኩን አጥፍተሽ ታበሪዋለሽ፤ ካስቀመጥሽበት ቦታ ይነሳል።

የተማሪው ቁጥር መሳሳት ጀመረ። ከሩቅ የሚመጡት ቀድመው ቀሩ። ናኩዋ ግን ትመጣለች። ቁርስ የላትም፤ ስኒ የምታህል ንፍሮዋን ትቀበላለች፤ ስትበላ አያለሁ። ከስኒዋ ላይ ጥቂት ፍሬ ለይታ በቅጠል አድርጋ ወደ መጋዘኑ ስትሄድ ያየኋት ዕለት መንገዷ ላይ ቆምኩ።

"ናኩዋ፣ ተይ። ብዪው።"

"ጥርሶስ?"

"ጥርሶ ስልክ ውስጥ ነው ያለው። እነዚህ ሌሎች ናቸው። እነዚህ ሌቦች ናቸው።"

"ጥርሶም ሌባ ነበር። አንቺ ነሽ ያልሽው።"

እሺ፤ ደራሲ ሆኖ መኖር እንዲህ ነው።

ሮጬ ዳይሬክተሩ ቢሮ ገባሁ። እሳቸውም ሊያስጠሩኝ ነበር። "ክፍል ሁለት ያስፈልገናል" አሉ። "በክፍል አንድ የተገኘው የባህሪ ለውጥ ከዕቅድ ውጪ ነው። አሁን እንዲጠሉት አድርጊልን።"

ጻፍኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ጨክኜ አላውቅም። ጥርሶ ወዳጆቹን ከዳ። የልጆችን ምሳ ከአፋቸው ነጠቀ፤ በልቶ ሳቀባቸው፤ የታመመ ልጅ ወተት ላይ ተፋ። የስንብት ንግግር ሰረዝኩ። እማዬ አንብባ "አሁን ገና አይጥ ጻፍሽ" አለችኝ፤ ጋዋኑንም ራሷ አወጣችልኝ። ሎኮሪም ምንም ላይጨምር ቃል ገባ።

ድራማው በሚታይበት ቀን ከተመልካቹ ኋላ፣ ዛፉ ሥር፣ የናኩዋ አባት በትንሽ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠዋል። የመጡት ድራማ ለማየት አልነበረም። ጠዋት ለእማዬ "ዛሬስ ምሳ አለ?" ብለው ጠይቀዋት ነበር፤ እማዬ "እስኪ እንይ" ብላቸዋለች። እየጠበቁ ነው።

ተጫወትኩ። የልጆቹን ሳህን ነጠቅኩ፤ በባዶ ሳህን ላይ አፌን አስጮህኩ፤ በጀሪካን ጥርሴ ሳቅኩባቸው። ማንም አልሳቀም፤ ማንም ድንጋይ አላነሳም። ከዚያ ከመሀላቸው ከፍ ያለው ልጅ ተነሳና አንድ ነገር ተናገረ።

"ምን አለ?" አልኩ በሹክሹክታ።

"ቁጭ በይ ይልሻል" አለ ሎኮሪ። "ወዳጅ ሲያጠፋ አስቀድሞ ይጠየቃል። ሽማግሌ ሆነው ሊሰሙሽ ነው።"

ይሄ ጽሑፉ ላይ የለም። ዳይሬክተሩ ወረቀታቸውን አገላበጡ፤ እሳቸውም አላገኙትም። ጭራዬን ሰብስቤ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ልጆቹ በግማሽ ክብ ከበቡኝ።

"ይህን ሁሉ ለምን በላህ?" ተባልኩ።

"ራበኝ" አልኩ።

"ልጆች አሉህ?"

"አሉኝ።"

"ስንት?"

"ብዙ። በየጊዜው ይጨምራሉ።"

እርስ በርስ ተያዩ፤ አንዱ እንደሚያውቀው ነገር ራሱን ነቀነቀ። "ስትበላ እኛን አላሰብከንም?"

"አላሰብኳችሁም።"

ይህ እውነት ነበር። ለአይጡ ብቻ ሳይሆን ለኔም እውነት ነበር፤ ጋዋኑ ውስጥ ያለቀስኩት ላብ ነው ብዬ አልፌዋለሁ።

ናኩዋ ተነሳች። ከኔ ጎን መጥታ ቆመች፤ ልትከራከርልኝ። ሎኮሪ እያንዳንዷን ቃል ቀስ ብሎ መለሰልኝ። "ርቦት ነው ትላለች። የራበው ሰው ሲበላ ዓይኑ አያይም ትላለች። አይመታ ትላለች። የቀረውን ያውጣና አብረን እንብላ፤ ከዚያ እርቅ ይሁን ትላለች።"

ልጆቹ ተስማሙ። ሁሉም ወደ መጋዘኑ ዞሩ። እትዬ አስቴር በሩ ላይ ቆመዋል፤ ቁልፉ በእጃቸው ነው፤ በሩ ግን አልተቆለፈም።

"የቀረ የለም" አሉ።

ልጆቹ ወደ ሎኮሪ ዞሩ። በአንዲት አጭር ቃል ተረጎመላቸው። ማንም አላለቀሰም። ትንንሾቹ እየተነሱ ልብሳቸውን ከአፈር አራገፉ፤ ደብተራቸውን ያዙ፤ በየመንገዳቸው ተበተኑ። ተቀይመው ጥለውኝ ቢሄዱ ይቀለኝ ነበር።

የናኩዋ አባት በርጩማቸውን አንስተው ስሟን ጠሩ። አንድ ጊዜ ብቻ፤ በቀስታ። ናኩዋ ወደ እኔ ጎንበስ አለች።

"ከዚህ በኋላ ጥርሶ ምን ይሆናል?"

"አልጻፍኩትም" አልኳት።

"እሺ" ብላ አባቷን ተከተለች።

ወንዙ ጎደለ። መኪናው መጣ። መጋዘኑ ተጠገነ፤ ጆንያዎቹ በእንጨት ርብራብ ላይ ወጡ፤ ቀዳዳው በቆርቆሮ ተመታ፤ እትዬ አስቴርም ሻምበልን ለምነው መለሱት። ምሳ ተጀመረ ሲባል ልጆቹ አንድ በአንድ ተመለሱ፤ እርቁን የበሉት በሙሉ ጭልፋ ነው፤ አይጥም አልተጠራበትም። ከፊት ረድፍ ግን አንድ ቦታ ባዶ ነው። እማዬ ስም ስትጠራ ናኩዋ የሚለው ጋ ትቆማለች፤ ከዚያ ታልፈዋለች። በማግስቱም ትጠራዋለች።

በሰንበት ከሎኮሪ ጋር ወደ በረቱ ሄድኩ። ሩቅ ነው ስላችሁ አምናችሁኝ እለፉ፤ ጫማዬ ግን እስካሁን አላመነም። ናኩዋ ፍየሎች መሀል ቆማለች። ወተት የጠጣ ልጅ ፊት አላት፤ ይህንን መካድ አልችልም። ስታየኝ ሳቀች፤ አንዷ ጥርሷ ብቅ ብላለች። ልትመጣ ስትል ሁለት ግልገሎች ወደ ቁጥቋጦው ገቡባት፤ ተከትላቸው ሮጠች።

አባቷ ጥላ ሥር ተቀበሉን፤ ወተት ሰጡን። ሎኮሪ የመጣንበትን ነገራቸው። እህል መጥቷል፤ ምሳ አለ፤ መጋዘኑ ተጠግኗል፤ ቦታዋ ባዶ ነው።

አባቷ እስከ መጨረሻው ሰሙ። "መልካም" አሉ። "የመጣው እስከ መቼ ይቆያል?"

ሎኮሪ ወደ እኔ አየ። እኔ ወደ ሎኮሪ አየሁ።

"ሲያልቅስ?" አሉ አባቷ። "ያኔ እንደገና መጥቼ ዛፍ ሥር ቁጭ ልበል? ልጅ እንደ ፍየል ዛሬ ወዲህ ነገ ወዲያ አይነዳም።" አልተቆጡም። የወተቱን ቅል ተቀብለው ጨመሩልኝ። "ስታውቁ ኑ። እኔ ሴት ልጅ አትማር አላልኩም።"

ስንመለስ ሎኮሪ ፊት ፊት ሄደ። እኔ ከኋላ ሆኜ ለአባቷ ሊመለስ የሚችል ንግግር ሳዘጋጅ፣ ሳሳምር፣ ስሰርዝ ከተማ ደረስኩ። ያዘጋጀሁት ሁሉ ያማረ ነበር፤ አንዱም "እስከ መቼ" ለሚለው መልስ አልነበረም።

ሰኞ ጠዋት ዳይሬክተሩ ቢሮ ገባሁ። "የመጣው እህል እስከ መቼ ነው የሚቆየን? ሲያልቅ የሚተካው በማን በኩል ነው የሚመጣው?" አልኩ። "በሂደት ላይ ነው" አሉኝ። ማክሰኞም ሄድኩ። "ከሚመለከተው አካል ጋር እየተነጋገርን ነው" አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ሰልፍ ባበቃ ቁጥር በራቸው ላይ ነኝ። ዛሬ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹና እንዲህ አሉኝ፤ "አንቺ ልጅ፣ እንዲህ በቃል አይሆንም። ጥያቄ ካለሽ በጽሑፍ አቅርቢ።"

በጽሑፍ አቅርቢ አሉኝ። ለኔ።

ይኸው አቅርቤያለሁ።